ጎጀብን ስንሻገር

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚመጣ መኪና ሁሉ ጎጀብን ይሻገራል። መንገዱ ከደጋው ቁልቁል ወርዶ ሙቀቱ ሲበረታ፣ አውቶቡስ ውስጥ ያለነው መስኮት እንከፍታለን፤ ድልድዩን እናልፋለን፤ ከዚያም ዳገቱን ይዘን ወደ ካፋ እንወጣለን። ብዙዎቻችን በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ወስዶናል። ያልተኛነውም ብንሆን ስለ ወንዙ የምንናገረው ነገር ቢኖር ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው።

በቅርቡ ከማኅበራችን አባሎች ጥቂቶቻችን ስለ ፋሺስት ወረራ ዘመን ለመነጋገር ተሰብስበን ሳለ፣ አንዱ ጓደኛችን «ከሰሜን ግንባር የተረፈው ሠራዊት መጨረሻው የት ሆነ?» ሲል ጠየቀ። አንዱ ማይጨው አለ፤ ሌላው አዲስ አበባ አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ጃንሆይ ሲሰደዱ ሁሉም ነገር አበቃ አለ። ሁላችንም መስከረም 22ን፣ መጋቢት 22ንና ሚያዝያ 27ን ለፈተና በቃላችን ያጠናን ነን። ሆኖም ከዚያ ሠራዊት የተረፈው አንዱ ክፍል እጁን የሰጠው እኛ ተኝተን በምናልፈው በዚሁ ወንዝ ዳር መሆኑን የሚያውቅ ከመካከላችን አልተገኘም። አፈርን። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነውም ያን ኃፍረት ለማካፈልና ከዚያ ወዲህ ፈልገን ያገኘነውን ለማቅረብ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከመነሻው እንያዘው።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ይዘው በተከዜ በኩል ወደ ሽሬ ግንባር ገሥግሠው ነበር። በዚያ ወንዝ ዳር የጠላት አይሮፕላኖች ከዚያ ቀደም ያልታየ ነገር ጣሉባቸው። የወደቀው እንደ በርሜል ያለ ዕቃ ነበር፤ ሲፈነዳ የሚረጨው ፈሳሽ የነካውን ሥጋ ያቃጥላል፤ ዓይንንም ያሳውራል። የመርዝ ጋዝ ነበር። በጎራዴና በጠመንጃ ለመዋጋት የመጣ ጭፍራ ከሰማይ የሚወርድ መርዝን በምን ይመክታል? ኢጣሊያ ለዚህ ጦርነት በመቶ የሚቆጠሩ አይሮፕላኖች አሰልፋ ነበር።

በኛ በኩል የነበረውንም እንመልከት። የመጀመሪያው የመንግሥት አይሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥራ፣ አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የበረራ ፈቃድ አግኝተው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ጦርነቱ ሲመጣ የአየር ኃይላችንን የመራው ጆን ሮቢንሰን የተባለ ከቺካጎ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ነገር ግን አይሮፕላኖቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሥራቸውም መልእክትን፣ ሹማምንትንና መድኃኒትን ማመላለስ ነበር እንጂ ከጠላት ጋር በሰማይ መግጠም አልነበረም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ድል ሆንን። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት ከተማዋን ያዘ። ብዙ ጊዜ ትምህርታችን እዚህ ላይ ያቆምና በቀጥታ ወደ ዐርበኞች ተጋድሎ ይሻገራል። በመካከሉ ግን ሰባት ወር ያህል አለ። በነዚያ ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት ስም በምዕራብ፣ በጎሬ ከተማ፣ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሪነት ይጠራ ነበር። ራስ እምሩም እንደራሴ ተብለው ከሽሬና ከጎጃም የተረፈውን ጭፍራ ይዘው ወደዚያው መጡ።

ያን ምዕራብ በመጀመሪያ ያዳነው መድፍ ሳይሆን ክረምት ነበር። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት የጠላት እግረኛና መኪና ከአዲስ አበባ ርቆ መሄድ አልቻለም። ስለዚህ ግራዚያኒ በእግር ያልደረሰበትን አገር በአይሮፕላንና በስብከት ለመያዝ አሰበ።

ጓደኞቻችን፤ አሁን የምንናገረው በኛ ዕድሜ ስለነበሩ ልጆች ነው።

በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት በስዊድን መኰንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተመለመሉ ነበሩ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ከነሱም አንዳንዶቹ በሻምበል ክፍሌ ነሲቡ መሪነት በጣርማ በር ጠላትን ለመከላከል ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፤ ወደ ወለጋም አፈገፈጉ። በዚያም ከውጭ አገር ተምረው ከተመለሱ ወጣቶች ጋር ተባብረው «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበራቸው በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማረው ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበር። ማኅበሩ 10 አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ሕግ ነበረው፤ በዚያም የጦር አዛዡ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይጎሳቆል፣ አባል የሆነ ሰው ወደ ውጭ አገር እንዳይሰደድ ተወስኖ ነበር። ሰማዩ የጠላት በሆነበት፣ ስንቅና ጥይት በጠፋበት ሰዓት ቁጭ ብለው ሕግ ጻፉ። እኛ ዛሬ በመብራትና በወንበር ላይ ሆነን የማኅበራችንን ደንብ ለማሻሻል ስንት ስብሰባ እንደፈጀብን ታስታውሳላችሁ።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጠላት አይሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ በተባለ ሜዳ ላይ ወረዱ። ሁለቱ ካፕሮኒ 133 ሲሆኑ አንዱ ሮሜዎ 37 ነበር። ካፕሮኒው ሦስት ሞተር ያለው፣ ቦምብም ወታደርም የሚጭን ትልቅ አይሮፕላን ነው፤ ሮሜዎው ደግሞ ለቅኝት የሚላክ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ ትንሽ አይሮፕላን ነው። ከመጡት መካከል የኢጣሊያ አየር ኃይል ጄኔራል የነበረው ማሊዮኮና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስሙ የታወቀው አብራሪ ሎካቴሊ ይገኙ ነበር። የመጡት ከአካባቢው ገዥ ጋር ተስማምተው ወለጋን ያለ ውጊያ ለመያዝ ነበር። የጥቁር አንበሳ ልጆች ይህን ሰምተው በሌሊት ደረሱባቸው። አይሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከአንድ ሚሲዮናዊ በቀር የመጡትን ሁሉ ገደሉ።

ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ገረመን። አይሮፕላን በሰማይ ሳለ የሚደርስበት የለም፤ በሜዳ ላይ ሲቆም ግን ብረትና ሸራ ብቻ ነው። የሆለታ ልጆች ከዚያ በፊት ለወራት አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲፈሩት የነበረውን ነገር በዚያች ሌሊት በእጃቸው ነኩት። ጀግንነታቸውን ስናደንቅ ግን የተከተለውን መዘንጋት አይገባም። ጠላት ነቀምቴን በአይሮፕላን ደበደበ። በዚያ ሌሊት ላይ ምንም ያልመከረ የከተማ ሰው ዕዳውን ከፈለ።

ከዚያ በኋላ ጥቁር አንበሶች ራስ እምሩን መሪያቸው አደረጉ። ክረምቱ ሲወጣ ጠላት ወደ ምዕራብ ዘመተ፤ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬን ያዘ። የራስ እምሩ ጦር ወደ ደቡብ ተገፋ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ሰሜናዊ ዳር ተከበበ፤ ራስ እምሩም የጭፍሮቻቸው ሕይወት እንዲተርፍ ጠይቀው እጃቸውን ሰጡ። ከተከዜው መርዝ እስከ ጎጀብ አንድ ዓመት ያህል ነበር።

የጠላት ቃል ብዙ አልቆየም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ከየካቲት 12 ቀን በኋላ፣ የተማረውን ወጣት እየለየ መግደል በተጀመረ ጊዜ ክፍሌ ነሲቡና የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከተገደሉት መካከል ነበሩ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። የዕጣ ነገር ሆነና በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ሲወርድ የታሰረው በዚያችው ደሴት፣ ራስ እምሩ በነበሩበት ቤት ነው። እሳቸው ግን ለአገራቸው በቁ፤ «ካየሁት ከማስታውሰው» የተባለውንም መጽሐፍ ትተውልን በ1972 ዓ.ም. አረፉ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ስናዘጋጅ ስምምነት ነበረን። ከዚህ በኋላ ግን ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩንም ሳንደብቅ እናቀርብላችኋለን።

የካፋ ተወላጅ የሆነ ጓደኛችን፣ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በጎጀብ የተማረከ ሰው ራስ እምሩ የመጀመሪያው ናቸውን?» ሲል ጠየቀን። እውነቱን ነው። ከዚያ 40 ዓመት ያህል በፊት፣ በ1889 ዓ.ም.፣ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ካፋን ለመያዝ ዘምቶ ነበር። የካፋ መንግሥት የራሱ ንጉሥና የራሱ የመማክርት ሸንጎ የነበረው፣ አገሩን በጥልቅ ጉድባና በእንጨት አጥር የሚጠብቅ ጥንታዊ መንግሥት ነበር። ሕዝቡ በጦርና በጋሻ ጠመንጃን ለብዙ ወራት ተቋቋመ። በመጨረሻ፣ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተያዙ። ወደ ሸዋ ሲወሰዱ ጎጀብ ላይ ሲደርሱ፣ ከእንግዲህ የካፋ ንጉሥ አይኖርም ብለው የወርቅ ቀለበታቸውን ወደ ወንዙ ወረወሩ ይባላል። በግዞት እንዳሉም አረፉ። ከዚያ ወዲህ በነፍጠኛና በገባር ሥርዓት፣ በባሪያ ፍንገላም፣ የካፋና የጊሚራ ሕዝብ ምን ያህል እንደተጎዳ መጻሕፍት ይመሰክራሉ።

ከመካከላችን አንዱ፣ «ይህን ማንሣት ይከፋፍለናል፤ የምንናገረው ስለ ጠላት ወረራ ነውና እንተወው» አለ። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፣ «የ1929ኙ ሽንፈት የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሽንፈት ነው እንጂ የካፋ ታሪክ አይደለም» አለ። ሦስት ምሽት ተከራከርን። አንድ ምሽትማ ሳንሰነባበት ነው የተለያየነው።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። የዘመቻ ታሪክ የጦረኞች ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ጦሩ የሚያልፍበት ገበሬም ታሪክ ነው። የሚያፈገፍግ ሠራዊት በር ያንኳኳል፤ የበሩ ባለቤት የሚከፍተው ወይም የሚዘጋው ከዚያ በፊት የመጣው ሠራዊት ምን አድርጎት እንደሄደ አስታውሶ ነው። በወለጋ የሆነውን እንይ። በ1928 ዓ.ም. አንዳንድ የኦሮሞ ባላባቶች በጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል በኩል ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አመልክተው፣ አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲጠበቅ ለምነው ነበር። ይህን ክህደት ብሎ መጥራት ቀላል ነው። ለምን እንዲህ ያለ ልመና ላይ እንደደረሱ መጠየቅ ግን ከኛ ከተማሪዎች የሚጠበቅ ሥራ ነው። የጥቁር አንበሳ ልጆች ገበሬው እንዳይበደል በሕጋቸው መጻፋቸው ነገሩ ገብቷቸው እንደነበረ ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ለ40 ዓመት ያህል የተከማቸ ቂም በአንድ ክረምት አይነጻም።

ይህን ስንል የፋሺስትን ግፍ ማሳነሳችን አይደለም። መርዝ የጣለው እሱ ነው፤ የተማረ ወጣት የፈጀው እሱ ነው። ነገር ግን አንዱን ጎጀብ አስታውሶ ሌላውን ጎጀብ የሚረሳ ሰው ወንዙን ገና አልተሻገረም።

ወደ ሌላው የተረሳ ዘመቻ እንለፍ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ጦርነቱ ያለቀ ይመስለናል። በዚህ በደቡብ ምዕራብ ግን አላለቀም ነበር። ጅማ በጄኔራል ጋዜራ እጅ ነበረች። በኦሞ ማዶና ማዶ ከባድ ውጊያ ተደረገ፤ ጅማ ነጻ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን ነው። ጋዜራ ራሱ ወደ ምዕራብ ሸሽቶ በሰኔ ወር መጨረሻ በደምቢ ዶሎ እጁን ሰጠ። ጎንደር ደግሞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ቆየች።

ይህን ዘመቻ የተዋጉት እነማን ነበሩ? በዐርበኝነት በኩል ደጃዝማች ገረሱ ዱኪና ተከታዮቻቸው ነበሩ። በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ደግሞ የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ኦሞን ተሻገሩ። ጋዜራ እጁን የሰጠው በቤልጅግ መኰንኖች ለሚመሩ የኮንጎ ወታደሮች ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከኮንጎ ተነሥተው ሱዳንን አቋርጠው በአሶሳና በጋምቤላ በኩል የመጡ ናቸው። ያን ጊዜ ለራሳቸው ነጻነት ያልነበራቸው አፍሪካውያን ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት በዚህ ምድር ሞቱ። ስለ አፍሪካ አንድነት በየስብሰባው እንናገራለን፤ ስለነሱ ግን ስንናገር ሰምተን አናውቅም።

አይሮፕላኑም ዕጣው ተገልብጦ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የሰማዩ ጌታ የነበረው ካፕሮኒ 133 በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ገና በሥራ ላይ ነበር፤ አሁን ግን ዘገምተኛና ያረጀ ሆኖ ለፈጣኖቹ ተዋጊ አይሮፕላኖች ቀላል ዒላማ ሆነ። የጅማንም የአይሮፕላን ሜዳ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ደጋግሞ ደበደበው። እዚህም ላይ ቢሆን ከቦምቡ በታች የነበረው የጅማ ሰው ነው፤ የማንም ቦምብ ሲወድቅ ስም አይጠይቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በጎጀብ የሆነውን በዓይኑ አይቶ የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ቢገኝ ወደ መቶ ዓመት የተጠጋ ነው። ከአባቱ የሰማው ልጅ ግን አለ፤ እሱም ሸምግሏል። በየዓመቱ ክረምት ለዕረፍት ወደየቤታችን ሄደን ስንመለስ ከነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ሄደዋል። ቤተ መጻሕፍት ቆይቶ ይጠብቀናል፤ ሽማግሌ አይጠብቀንም።

ስለዚህ ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን በየወረዳችን ቢያንስ አንድ አዛውንት ወይም አንዲት አሮጊት አነጋግረን አንድ ገጽ ጽፈን እንመለስ። የምንጠይቀው አራት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ በዚህ አገር አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሰው ምን አደረገ፤ በአገሩ ቋንቋስ ምን ብሎ ጠራው? ሁለተኛ፣ የራስ እምሩ ጦር ወደ ጎጀብ ሲቃረብ በወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ሰው እንዴት ተቀበለው? ሦስተኛ፣ ለጦረኛው እንጀራ የጋገሩት፣ ቆጮ ያቀረቡት፣ ጓዝ የተሸከሙት እነማን ነበሩ፤ ፈቅደው ነው ወይስ ተገደው? አራተኛ፣ ስለ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ዘመቻ በቤተሰቡ የሚነገረው ምንድን ነው?

መልሱ በካፊኛ የተነገረ እንደሆነ በካፊኛ ይጻፍ፤ ትርጉሙ ከጎኑ ይቀመጥ። መልሱ ደስ የማያሰኘን ቢሆንም ሳይታረም ይጻፍ። የተናገረው ሰው ስሙ እንዲጻፍ ካልፈቀደ ፈቃዱ ይከበር። የተሰበሰበው ሁሉ በዚህ ጋዜጣ በየተራ እንዲወጣ፣ ዋናው ጽሑፍም በቤተ መጻሕፍታችን እንዲቀመጥ እንለምናለን። የታሪክ መምህራኖቻችንም የአጠያየቁን ዘዴ እንዲያስተምሩን በትሕትና እንጠይቃለን፤ እኛ ፈቃድ እንጂ ሙያ የለንምና።

አንዳንዶቻችሁ «ፈተና ደርሶ ሳለ ይህ ምን ይረባል?» ትሉ ይሆናል። የሆለታ ልጆችም ፈተናቸውን አልጨረሱም ነበር። እኛን የሚጠይቀን ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው።

ወደየቤታችን ስንሄድ እንደገና ጎጀብን እንሻገራለን። ሙቀቱ እንደ ወትሮው ይሆናል፤ መስኮቱንም እንከፍታለን። የዚያን ጊዜ አጠገባችን የተኛውን ጓደኛችንን ቀስቅሰን፣ «ተነሥ፤ ጎጀብ ደርሰናል» እንበለው። ለምን እንደቀሰቀስነው ሲጠይቀን የምንመልስለት አለን።